የቱ ለገሃር?

ስልኬ ጮኸ። አባዬ ነው።

«የት ነሽ?»

«ለገሃር።»

«እኔም ለገሃር ነኝ። የለሽም።»

«አባዬ፣ ጣቢያው ላይ ነኝ እኮ።»

«እኔስ የት ያለሁ መሰለሽ? ጣቢያው ፊት ቆሜያለሁ!»

እንዲህ እየተባባልን ሃያ ደቂቃ ያህል ተጠፋፋን። ማናችንም አልዋሸንም። ሁለታችንም ለገሃር ነን፣ ሁለታችንም ባቡር ጣቢያ ነን። እኔ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የተቀመጠው የቀላል ባቡር ጣቢያ ላይ፣ እሱ ደግሞ ባቡር ካየ ዓመታት ያለፉት የድሮው ጣቢያ ፊት።

ነገሩ ከሆነ ቆይቷል። ሰኔ 2010 ነበር። ልደታ ለቅሶ ልንደርስ ነው የተቀጣጠርነው። እኔ ከመገናኛ በአረንጓዴው ባቡር መጣሁ፣ እሱ ከቃሊቲ በታክሲ። ሰማያዊው ባቡር ከሠፈሩ አንስቶ ለገሃር ያመጣው ነበር፣ ግን በጄ አላለም። መስከረም 9 ቀን 2008 ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን ተሳፍሮበት አያውቅም። «ይሄ ባቡር አይደለም፣ ሽቦ የተሰካበት አውቶቡስ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ የዛን ቀን አሳፍረዋለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ከለገሃር ልደታ ሦስት ፌርማታ ነው። ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ። ትኬቱ ያኔ 2 ብር ነበር።

እስካሁን ሰው «ለገሃር እንገናኝ» ሲለኝ ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። «የቱ ለገሃር?» እላለሁ። የምቀልድ ይመስላቸዋል።

## ቀና በል

የመጣሁበት ባቡር ሲነሳ ፊቴ ተከፈተ። ከሐዲዱ ማዶ፣ ታች፣ የድሮው ጣቢያ ታየኝ። ትንሽ ፈልጌ አባዬንም አገኘሁት። ቡናማ ባርኔጣ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ትከሻው ላይ የተጣጠፈ ጋቢ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጮሃል። ድምፁ በስልክ ይደርሰኛል፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ከሩቅ አያለሁ፣ ሁለቱ አይገጥሙም።

«አየሁህ! ቀና በል።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ።»

ሰማዩን አየ። የሰኔ ደመና ነው ያለው።

«ላም አለኝ በሰማይ አደረግሽኝ እኮ» አለና ዘጋው።

ሳቄ መጣ። ልጠራው፣ እጄን ላውለበልብለት እችል ነበር። ግን ቆሜ አየሁት። የከነከነኝ ነገር ነበር። አባዬ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ጣቢያው ዞረ፣ ግን በሩን አላየም። ሰው እንደዛ ዓይነት ሕንፃ ፊት ሲቆም ዓይኑ መሃል ላይ ነው የሚሄደው፣ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ መሃሉ ይጎትታል። እሱ ግን ጥጉን፣ ግድግዳው የሚያልቅበትን፣ ምንም የሌለበትን ቦታ ትኩር ብሎ ያያል። ሰው እንደሚጠብቅ ሰው። እኔን ነው የሚጠብቀው እንዳልል፣ እኔ ከዛ ጥግ የምመጣበት ምክንያት የለም።

ልወርድ ወደ ደረጃው ስሄድ መንገዴን ሙሉ ዞር እያልኩ አየዋለሁ።

## ፊት ያለው ጣቢያ

ለገሃር «ላ ጋር» እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ስለዚህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያ ጣቢያ» እያልን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከተማው ቃሉን ያሸበት መንገድ ነው። ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጎን ብታስቀምጡት ወንድማቸው ይመስላል። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ነው፣ እንግዳ ሰው ለገሃርን ወንዝ ነው ብሎ ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ለአባዬ ታዲያ ስሙና ቤቱ አንድ ናቸው። ለገሃር ማለት ያ ሕንፃ ነው። ላዩ ላይ ሌላ ነገር ሠርተህ በስሙ ልትጠራው አትችልም።

ሕንፃው ቶሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በወረቀቱ ላይ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በሐረር፣ በእንጦጦ አድርጎ ከፋንም አልፎ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ነውና በ1895 ድሬዳዋ ላይ አደረ። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ አዲስ አበባ የደረሰው ከዐሥራ አምስት ዓመት ግድም በኋላ ነው። ነጭ ዓባይማ ቀረ። አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ የተመረቀው በ1922። ባቡሩ ከተማው ውስጥ ገብቶ እየሠራ ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ባቡር እንዲሄድ ብቻ ቢሆን እንዲህ ያለ ቤት አያስፈልግም ነበር፣ ሄዷልና። ሕንፃውን የሠሩት እንግዳ እንዲቀበል ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አቧራ ለብሶ የመጣ ሰው ከባቡር ወርዶ፣ በአዳራሹ አልፎ፣ በሩ ላይ ብቅ ሲል ከተማው ፊት ለፊቱ ሽቅብ እንዲዘረጋለት። ያ ሽቅብ በኋላ ቸርችል ጎዳና ሆነ። ከላይ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከታች ለገሃር፣ ዳገቱን ይዘው እንደ ባልና ሚስት ይተያያሉ።

በ1923 ለኃይለ ሥላሴ ንግሥና በዓል ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊቱ ቆመለት። አንበሳው ራሱ መንገደኛ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደውና የት አቆመው ቢባል፣ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ያየው ይሄንኑ አንበሳ ነው። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሄዶ ተመለሰ። ንጉሡም በ1928 ሚያዝያ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። አንዳንዴ ሳስበው፣ የዚህች ከተማ ትልልቅ መሄድና መምጣት ሁሉ ይሄን መስመር ረግጧል።

ባጭሩ የድሮው ጣቢያ ፊት አለው። ፊትና ጀርባ አለው፣ እንደ ሰው። ፊቱን ለከተማው፣ ጀርባውን ለሐዲዱ ሰጥቷል። የት ቆመህ እንደምታየው ራሱ ይነግርሃል።

አሁን የኛን ተመልከቱ። ይሄ የምወርድበት ጣቢያ ፊቱ የት ነው? ደረጃው መሃል ላይ ቆሜ ፈለግኩት፣ አጣሁት። ወለል አለ፣ ጣሪያ አለ፣ መከለያ አለ። ከሩቅ ስታየው ድልድይ ትንሽ ወፈር ያለበት ቦታ ነው። በር እንኳን የለውም፣ በደረጃ ትወጣለህ፣ በቃ ገብተሃል። መድረኩም ከሐዲዱ እምብዛም አይነሳም፣ ፉርጎዎቹ ወለላቸው ዝቅ ያለ ዓይነት ስለሆኑ። ለአሮጊቶችና ልጅ ላዘሉ እናቶች ደግ ሐሳብ ነው። ግን «ደረስኩ» የሚያስብል ነገር የለውም። ማንም እዚህ ጣቢያ ላይ ሰው ሲቀበል አይቼ አላውቅም። አበባ ይዞ የሚቆም የለም። ሰው ይወርዳል፣ ይበተናል።

እና ደግሞ ያለበት ቦታ! መስመሩ ከስታዲየም መጥቶ በድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው። ከቸርችል ቁልቁል ስትመጡ ለገሃርን የምታዩት በኮንክሪት ታጥቆ ነው። ጣቢያው ዘጠና ዓመት ሊሞላው ሲል ባልና ሚስቱ መሃል መጋረጃ ተሰቀለ። በዚህ ነገር ሐሳቤ ከአባዬ ጋር ነበር። እስከዛ ደቂቃ ድረስ።

## ሆዱ ስር

ደረጃውን ጨርሼ መሬት ስረግጥ ዝናቡ ጀመረ። የሰኔ ዝናብ አያስጠነቅቅም፣ ዱብ ነው። ጎዳናው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሮጠ። ወደ ባቡሩ ሆድ።

ሆድ ያልኩት ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። ከሐዲዱ በታች፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ቦታ ማለቴ ነው። ቀና ስትሉ የምታዩት ግራጫ ኮንክሪት፣ ከላይ ባቡር ሲያልፍ እንደ ራበው ሰው ሆድ የሚያጉረመርም። እኔ፣ ሁለት ሊስትሮዎች፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ፣ ሻንጣ የያዙ አንድ እናት፣ የታክሲ ሰልፍ የፈረሰባቸው ሠራተኞች፣ ሁላችንም እዛ ተጠለልን። ልጁ ወዲያው ጃንጥላ አወጣ፣ ከየት እንዳወጣው እንጃ። ሲሸጥ አየሁት። ሰልፉም ምሰሶዎቹን ተከትሎ እንደገና ተሠራ፣ ማንም ሳያዝ።

መሐንዲሶቹም ያላሰቡት የሚመስለኝ ነገር የገባኝ እዛ ቆሜ ነው። ይሄ ጣቢያ ፊት የለውም፣ ግን ሆድ አለው። ጣቢያው ከላይ ያለው አይደለም፣ ይሄ ነው። ሰው የሚጠብቀውም፣ የሚገበያየውም፣ የሚጣላውም፣ የሚቀጣጠረውም እዚህ ነው። ከላይ ያለው መሳፈሪያ ብቻ ነው።

ባቡሩ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ሠፈሮች ይሄ የለም። ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ አያት በኩል ብትሄዱ ሐዲዱ አስፋልቱን ለሁለት ከፍሎት ታገኛላችሁ። ማዶ ያለ ሱቅ ለመሄድ ስንት መንገድ ትዞራላችሁ። ጎረቤት የነበረው ሰው ማዶኛ ሆነ። በሰሜን ጫፍ፣ ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ላይ ደግሞ ጣቢያው መሬት ውስጥ ነው የገባው፣ ከላይ ምኒልክ በፈረሳቸው፣ ከታች ባቡሩ። ከ39ኙ ጣቢያዎች አንዱን ምረጪ ብትሉኝ፣ ከላይ ያሉትን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ውበት አይደለም። ከተማው ከሥራቸው እንዲያልፍ ስለሚፈቅዱ ነው።

በተለይ እዚህ መሃል ላይ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት አምስት ጣቢያዎች አረንጓዴውም ሰማያዊውም የሚጋሯቸው ናቸው። አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ፒያሳ፣ እዚህ ላይ ግን በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ይሄን ያህል ባቡር ለገሃርና ሜክሲኮ ላይ መሬት ለመሬት ቢሄድ ብላችሁ አስቡት። ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ እግረኛው፣ ሁሉም ቆሞ ያድር ነበር።

ይሄን ሁሉ ለአባዬ ልነግረው አሰብኩ። ኮንክሪቱ የጋረደብህን ያህል አስጠልሎሃል ልለው። ጃንጥላ ከልጁ ገዝቼ ተሻገርኩ።

## በጎን በኩል

አባዬ ጃንጥላውን ዘርግቶ እዛው ጥግ ላይ ቆሟል። ደረስኩለት፣ ጉንጩን ሳምኩት።

«እንዴ፣ በሩ ላይ አይደለህም እኮ» አልኩት። «ጣቢያው ፊት ቆሜያለሁ ብለኸኝ።»

«ይሄ ነው በሩ» አለኝ።

ግድግዳ ነው የማየው።

«አባቴ የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር።»

አያቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ቤት ውስጥ «የምድር ባቡር ሰው ነበር» ነው የሚባለው፣ እኔም በልጅነቴ ሹፌር ወይ ጣቢያ ኃላፊ አድርጌ ነው የሳልኩት። ቆብ ያለው፣ ፊሽካ ያለው። ጠይቄ አላውቅም። ለካስ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ከድሬዳዋ ባቡር ሲገባ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ሻንጣ ተሸክሞ እስከ መኪና ያደርሳል። አባዬ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው እናቱ ምሳ በአገልግል ቋጥራ ትልከዋለች፣ እሱም እዚህ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዴ ባቡሩ ይዘገያል። አንዳንዴ እስከ ማታ ይዘገያል። ወጡ ይቀዘቅዛል።

«በፊት ለፊት አትገባም ነበር?»

«ምን ልሠራ?» አለኝ፣ እውነትም ጥያቄው ገርሞት።

«ለማየት።»

«አባቴም በፊት ለፊት ሻንጣ ይዞ እንጂ ባዶ እጁን ሲወጣ አላየሁም። ሻንጣውን አውርዶ ዞሮ በዚህ ይመጣል።»

ዝናቡ ቀነሰ። ምንም አላልኩም። እኔ እኮ ያን በር ከላይ ሆኜ ለከተማው ፊት ነው፣ እንግዳ መቀበያ ነው ስል ነበር። ማንን እንደሚቀበል አላሰብኩም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ፣ ከዛ በታች ደግሞ ማዕረግ የሌለው ተሸካሚ፣ ከሱ በታች አገልግል የያዘ ልጅ። ቸርችል ሽቅብ የሚዘረጋለት ለየትኛው ነው? አባዬ ይሄን ጣቢያ ይወደዋል፣ ያን ግልጽ አድርጌ ልናገር። ሲፈርስ ቢያይ ያለቅሳል። ግን የሚወደው እኔ የምወድለትን ነገር አይደለም። እኔ ፊቱን፣ እሱ ጥጉን።

እዚህ ላይ ቸኩዬ «ስለዚህ አዲሱ ይሻላል» ብል የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሆንብኛል። አሁንም የኛ ጣቢያ ፊት ቢኖረው ደስ ይለኛል። 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና ተበድረን፣ ለዛ ሁሉ ብድር አንድ የሚያምር በር አይገኝም ነበር? ይሄን ቅሬታዬን አላነሳም። ግን ትኬት የቆረጠ ሁሉ የሚወጣው በአንዱ ደረጃ ነው። ጥግ የለውም። ልጅ አገልግል ይዞ የሚቆምበት ጎን የለውም። ፊት የሌለው ነገር ጎንም የለውም፣ ይሄ ጥፋት ይሁን ደግነት እስካሁን አልቆረጥኩም።

«እንሂድ፣ ለቅሶው ይረፍድብናል» አለኝ።

«በባቡር ነው።»

አየኝ። ከዛ ወደ ላይ አየ፣ አሁን የት እንደሚያይ አውቋል።

«እሺ» አለ።

## ከላይ

ደረጃውን እየቆጠረ ነበር የወጣው። መሃል ላይ ትንፋሽ ሊወስድ ቆመና ቁጥሩ ጠፋበት፣ ተናደደ። ትኬቱን እሱ ነው የቆረጠው፣ እኔ እንድከፍል አልፈቀደም። ቆራጯን «የመልስ አለው?» ብሎ ጠየቃት። የለውም። ሁለት ትኬት ተቀብሎ አንዱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ ከመነጽሩ ጋር አስቀመጠ።

መድረኩ ላይ ሲደርስ ግን ባቡር መኖሩን ረሳው። መከለያውን ይዞ ወደ ድሮው ጣቢያ ዞረ።

«ጣሪያው!» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ጣሪያውን አይቼው አላውቅም።»

እውነቱን ነው። ሰባ ዓመት ያወቀውን ቤት ከላይ አይቶት አያውቅም። እኔ እሱን ከላይ ሳየው ትንሽ እንደሆነብኝ ጣቢያውም ትንሽ ሆኖበት ይሆን? ልጠይቀው አልኩና ተውኩት። እሱ በጣቱ ያሳየኛል። ባቡሩ ይቆም የነበረው እዛ ነው። ውኃ የነበረው እዛ። ጭነቱ በዛ ይወርዳል። ከጀርባ ያለውን፣ በልጅነቱ አጥር የጋረደበትን ግቢ፣ አሁን እንደ ካርታ ያነባል። አንዱን ነገር ሊያሳየኝ ፈልጎ ቦታው ጠፋበት፣ በዓይኑ ብዙ ፈለገው።

አረንጓዴ መጣ። አልተንቀሳቀሰም። ሄደ። ሰማያዊ መጣ። «ይሄም ልደታ ያደርሳል አባዬ» አልኩት፣ አልሰማኝም፣ ወይም ሰምቶ ተወኝ። እሱም ሄደ። ሦስተኛው ላይ እጁን ይዤ አስገባሁት። ሰው ተነስቶ ቦታ ሰጠው፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ግን በቀኝ በኩል። ባቡሩ ሲነሳ አንገቱን አዙሮ በሰዎች መካከል ወደ ግራ ለማየት ሞከረ። አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ፊቱ ቆማ ነበር፣ ከለለችበት። ሜክሲኮ ደረስን።

ተግባረ ዕድ ላይ ሰው ሲቀንስ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ስንመለስ ለገሃር በየት በኩል ነው የሚሆነው?»

«በቀኝ።»

«ያቺኛው ወንበር እንግዲህ» አለና ማዶ ያለውን መቀመጫ በጃንጥላው ጫፍ አመለከተኝ። «ሰው ሳይቀድመን።»